በአባይ ዳር የተዘጋው በር

«በዕረፍት ጊዜያችሁ ስለ ጎበኛችሁት ስፍራ ድርሰት ጻፉ» ስትባሉ፣ ብዙዎቻችሁ ያያችሁትን ሁሉ በተራ እንደምትዘረዝሩ አውቃለሁ፤ ለብዙ ዓመታት የተማሪ ድርሰት ሳርም ኖሬአለሁና። ጠዋት ይህን አየን፤ ቀጥሎ ያን አየን፤ ምሳ በላን፤ ዕቃ ገዛን፤ ደክሞን ተመለስን ትላላችሁ። ይህ ነውር አይደለም። ይሁን እንጂ ከአንድ ቀን ውሎ ውስጥ ከዓመታት በኋላ በልብ የሚቀረው ሳይታይ ያለፈው ነገር የሚሆንበት ጊዜ አለ። ከዚህ ቀጥሎ የማጫውታችሁም እንዲህ ስላለው አንድ ቀን ነው።

በ2000 ዓ.ም. በጥር ወር፣ ከልዩ ልዩ ትምህርት ቤቶች የተውጣጣን 22 መምህራን ለአጭር ሥልጠና ወደ ካይሮ ተጉዘን ነበር። ሥልጠናው ሲያበቃ አንድ ቀን ለጉብኝትና ለገበያ ተፈቀደልን። ፕሮግራሙም በሦስት ተከፈለ፤ ጠዋት የጊዛን ፒራሚዶች ማየት፣ እኩለ ቀን ላይ ኻን ኤል ኻሊሊ በተባለው ገበያ መገብየት፣ በመጨረሻም በሮዳ ደሴት ያለውን ጥንታዊ የአባይ ውኃ መለኪያ መጎብኘት። ሦስተኛው በፕሮግራሙ ውስጥ የገባው በአንድ ሰው ልመና ነበር። እኒህም ከባሕር ዳር አካባቢ የመጡ፣ ጡረታ ሊወጡ ጥቂት ወራት ብቻ የቀሯቸው አንጋፋ የጂኦግራፊ መምህር ናቸው። ሁላችንም «ጋሼ» እያልን እንጠራቸው ነበር። እኔ ደግሞ ሰዓት እንድቆጣጠር በጓደኞቼ ተመረጥሁ።

ሹመት ትንሽ ብትሆንም ታኮራለች። ጠዋት ከማረፊያችን ስንነሣ አንዲት የሥራ ባልደረባችን አምስት ደቂቃ ዘግይታ ብትመጣ፣ በአውቶቡሱ ደጃፍ ቆሜ፣ «የሃያ አንድ ሰው ጊዜ መብላት ተገቢ አይደለም» ስል በሰው ፊት ገሠጽኋት። እርስዋም አንገቷን ደፍታ ገብታ ተቀመጠች። ይህን ነገር ያዙልኝ፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

በጊዛ ስንደርስ ፀሐይ ገና አልጠነከረችም ነበር። ታላቁ የኩፉ ፒራሚድ ከተሠራ 4,500 ዓመት ያህል ሆኖታል። ሲሠራ ቁመቱ 146 ሜትር ያህል ነበር፤ የላዩ ድንጋይ በዘመናት ብዛት እየተነሣ ዛሬ ወደ 138 ሜትር ዝቅ ብሏል። ለሥራው 2.3 ሚሊዮን ያህል ድንጋይ እንደ ገባበት ይገመታል። ሁላችንም ፎቶግራፍ ለመነሣት ስንሻማ፣ ጋሼ ግን ከፒራሚዱ በስተ ደቡብ ወዳለው ስፍራ በጣታቸው እያመለከቱ፣ በዚያ በኩል ከ1990 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የፒራሚዶቹ ሠራተኞች መቃብር ተቆፍሮ እንደ ተገኘ፣ ሠራተኞቹም በቀድሞ ጊዜ እንደሚወራው ባሮች ሳይሆኑ እንጀራ የሚቆረጥላቸው ባለሙያዎች እንደ ነበሩ አስረዱን። መምህር በዕረፍቱም ቀን መምህር ነው።

ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ገበያው ደረስን። ኻን ኤል ኻሊሊ ከ14ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ጀምሮ የኖረ ገበያ ነው። ከአል አዝሃር መስጊድ አጠገብ ይገኛል። መርካቶን የምታውቁ ተማሪዎች ያን ገበያ በዐይነ ኅሊናችሁ ለመሣል አይቸግራችሁም። በአንዱ ጉራንጉር መዳብ ቀጥቃጮች መዶሻቸውን ያንኳኳሉ፤ በሌላው ወርቅ አንጣሪዎች ሚዛናቸውን ዘርግተው ይቀመጣሉ፤ ከዚያ አለፍ ሲሉ ከሙኑ፣ ጥቁር አዝሙዱ፣ ደም የመሰለው የከርከዴ አበባ በየጆንያው ተከምሮ ሽታው ያውዳል። «ሁላችሁም ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ አውቶቡሱ ዘንድ ተገኙ፤ አንድ ደቂቃ አልጠብቅም» ብዬ ጓደኞቼን አሰናበትኋቸው።

እኔ የፈለግሁት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ለክፍሌ ግድግዳ የሚሆን፣ የጥንት ግብፃውያን ሥዕል ያለበት ፓፒረስ። አንድ ባለሱቅ 100 የግብፅ ፓውንድ ጠራልኝ። እኔ 20 አልሁት። ሳቀ፤ ሻይ አስመጣልኝ፤ ወንበር ሳበልኝ። 80 ሲል 25 አልሁ፤ 60 ሲል ተነሥቼ ወጣሁ፤ ተከትሎ መለሰኝ። ክርክሩ እየጣመኝ ሄደ። ከዚህ ሱቅ የተሻለ አለ ብሎ አንድ ልጅ ወደ ውስጠኛው ጉራንጉር መራኝ፤ እዚያም ክርክሩ እንደገና ተጀመረ። በመጨረሻ በ35 ፓውንድ ገዝቼ፣ ድል እንዳደረገ ሰው ደረቴን ነፍቼ ስወጣ ሰዓቴን ተመለከትሁ። ስምንት ሰዓት ተኩል ሆኗል።

ሮጥሁ። ነገር ግን የገባሁበትን መንገድ አላስተዋልሁትም ነበር። በቀኝ ብታጠፍ የመዳብ ሱቅ፣ በግራ ብታጠፍ ሌላ የመዳብ ሱቅ ሆነብኝ። ጠይቄ እንዳልወጣ ዐረብኛ አላውቅም። አንዴ ያለፍሁትን ሻይ ቤት ሦስት ጊዜ አለፍሁት። ከብዙ ድካም በኋላ የመስጊዱን ምናራ አሻግሬ አይቼ በእርሱ ተመርቼ ስወጣ፣ ሰዓቱ ዘጠኝ ከሩብ ነበር።

በአውቶቡሱ ውስጥ ሃያ አንድ ሰዎች ተቀምጠው ጠበቁኝ። ማንም ቃል አልተናገረኝም። ጠዋት የገሠጽኋት ባልደረባዬ ብቻ፣ «ደኅና ነህ ወይ? ሠጋን እኮ» አለችኝ። ተማሪዎች ሆይ፣ ከስድብ ይልቅ እንዲህ ያለ ደግ ቃል እንዴት እንደሚያቃጥል በራሳችሁ ላይ ሲደርስ ታውቁታላችሁ። በተቀመጥሁበት ሒሳቡን ሠራሁ። ለ21 ሰው 45፣ 45 ደቂቃ ሲባል 15 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ይሆናል። ከተጠራብኝ ዋጋ 65 ፓውንድ አስቀንሻለሁ እያልሁ ስመካ፣ የራሴ ያልሆነውን ሀብት መንዝሬ ኖሯል።

ወደ ሮዳ ደሴት ስንደርስ አሥር ሰዓት አልፎ ነበር። ዘበኛው በሩን ከቆለፈው ጥቂት ደቂቃዎች ብቻ ሆነውታል። ለመንነው፤ በእጁ ምልክት ነገ እንድንመጣ ነገረን። እኛ ግን ነገ በማለዳ ተሳፋሪዎች ነን። ጋሼ ወደ በሩ ቀርበው በፍርግርጉ መካከል ወደ ውስጥ ጥቂት ተመለከቱ። ከዚያም ወደ እኛ ዞረው፣ ኮታቸውን አስተካክለው፣ በክፍላቸው ውስጥ እንዳሉ ሁሉ ማስተማር ጀመሩ።

«ከዚህ ግንብ በስተ ጀርባ» አሉ፣ «በድንጋይ የተገነባ ጥልቅ ጉድጓድ አለ። በመካከሉ ስምንት ማዕዘን ያለው የእብነ በረድ ዓምድ ቆሟል። ያሠራው አል ሙተወኪል የተባለው ኸሊፋ ነው፤ በ861 እ.ኤ.አ.። በዓምዱ ላይ የክንድ ልክ ተቀርጿል። የአባይ ውኃ በውስጥ ቦይ ገብቶ ከፍ ሲል፣ ስንት ክንድ እንደ ደረሰ ይነበባል። ወደ 16 ክንድ ከደረሰ ዓመቱ ጥጋብ ነው። በጣም ካነሰ ረሃብ ነው፤ በጣም ከበዛም ጥፋት ነው። የገበሬው ግብር ሳይቀር የሚቆረጠው በዚሁ ልክ ነበር። ይህን ውኃ የሚሞላው ማን ነው? ወደዚህ አገር ከሚደርሰው ከ100 እጅ ከ80 እጅ በላይ የሚሆነው ከእኛ ደጋ የሚወርድ ነው። በክረምት በአያቶቻችን ማሳ ላይ የዘነበው ዝናብ፣ በመስከረም እዚህ ዓምድ ላይ ይነበብ ነበር ማለት ነው። የአስዋን ታላቅ ግድብ በ1970 እ.ኤ.አ. ካለቀ ወዲህ ጎርፉ ካይሮ አይደርስም፤ ዓምዱም ሥራውን ፈጽሞ ምስክር ሆኖ ቆሟል።»

ንግግራቸውን ሲጨርሱ ሁላችንም ዝም ብለን ወንዙን ተመለከትን። እኔ ግን ዐይኔን ከመሬት ማንሣት አልቻልሁም። ቀርቤ፣ «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ይህን የከለከልሁዎ እኔ ነኝ» አልኋቸው። «ተወው፣ ልጄ። ይልቅስ ያስረፈደህን ነገር እስቲ አሳየኝ» አሉኝ።

ጥቅሉን ፈትቼ ሰጠኋቸው። ወደ ማታዋ ፀሐይ አንሥተው አዩት፤ በጣታቸው ዳሰሱት፤ ፈገግም አሉ። እውነተኛ ፓፒረስ የሚሠራው እኛ ደንገል ከምንለው ተክል ነው። የግንዱ ውስጥ በቀጭኑ ይሰነጠቃል፤ ውኃ ውስጥ ይዘፈዘፋል፤ አንዱ ረድፍ በአግድም ሌላው በቁም ተነባብሮ፣ ተጨፍልቆ ይደርቃል። ስለዚህ በብርሃን ሲታይ የተሰላጠፈ መስመር ይታይበታል። የእኔው ግን ያ መስመር አልነበረበትም፤ ጫፉም ሲታጠፍ ተሰነጠቀ። «ይህ የሙዝ ቅጠል ነው፣ ልጄ» አሉ ጋሼ። «ደንገል እንኳ በጣና ሞልቷል፤ ታንኳችንን የምንሠራው በእርሱ አይደለም እንዴ? የአባይን ልጅ ውኃ ጠማው ማለት ይህ ነው!» ሁሉም ሳቁ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ። የዚያን ዕለት ማታ፣ ሁሉም በተሰበሰቡበት፣ ጠዋት የገሠጽኋትን ባልደረባዬን ይቅርታ ጠየቅኋት። ነውሩ የተፈጸመው በሰው ፊት ስለ ነበረ፣ ይቅርታውም በሰው ፊት እንዲሆን ፈልጌ ነው።

ጋሼ ያን ዓምድ በዐይናቸው ሳያዩ ጡረታ ወጡ። የሙዝ ቅጠሉን አልጣልሁትም። ክፍል ውስጥ ሰቅዬው ተማሪዎቼ ስለ ፓፒረስ ሲጠይቁኝ፣ አስቀድሜ ሐሰተኛ መሆኑን እነግራቸዋለሁ፤ ቀጥዬም ስንት እንደ ከፈልሁበት እነግራቸዋለሁ። 35 ፓውንድ ነው ብዬ ግን አላውቅም።

እናንተም አንድ ቀን ከጓደኞቻችሁ ጋር ወደ ሩቅ አገር ትሄዱ ይሆናል። እዩ፤ ጠይቁ፤ ገበያም ውጡ፤ ዋጋም ተከራከሩ። ነገር ግን ከመካከላችሁ ያን ጉዞ ዕድሜውን ሙሉ ሲጠብቀው የኖረ አንድ ሰው እንዳለ አስቡ። ማን እንደ ሆነ ላይነግራችሁ ይችላል።