ያዩትን ስለ መመርመር

መነኩሴ በጸሎት ጊዜ ያየውን ብርሃን ሁሉ ሳይመረምር እንዳይቀበል አበው ያስተምራሉ። ይህ ትምህርት ሰማይን ለሚመረምሩ ሊቃውንትም ይስማማል።

አዲስ የተወለደን ኮከብ ጋዝና ትቢያ እንደ ሰፌድ ተዘርግቶ ይከበዋል፤ ታላላቅ ፕላኔቶችም በዚያ ውስጥ ይበጃሉ። ዳሩ ግን የኮከቡ ብርሃን ብርቱ ነውና በአጠገቡ ያለውን ደካማ ብርሃን ይውጠዋል።

እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2015 ዓ.ም. ኤል.ኬ.ሲ.ኤ. 15 በተባለው ኮከብ ዙሪያ የሚወለዱ ፕላኔቶች ታዩ ተብሎ ተጻፈ። በ2019 ዓ.ም. ግን ሌሎች መርምረው፣ የታየው የሰፌዱ ብርሃን ሳይሆን እንዳልቀረ አስረዱ። መሻት የበዛበት ዓይን የተመኘውን ለማየት ይቸኵላልና።

ነገር ግን ፍለጋው ከንቱ አልሆነም። በ2018 ዓ.ም. በቺሊ ምድረ በዳ ባለው ታላቅ መነጽር የኮከብን ብርሃን ጋርደው የሚመለከቱ ሊቃውንት፣ 370 የብርሃን ዓመት ያህል በሚርቀው ፒ.ዲ.ኤስ. 70 አጠገብ፣ በሰፌዱ ባዶ ስፍራ፣ በክብደቱ ከጁፒተር የሚበልጥ ፕላኔት አገኙ። በልዩ ልዩ ዓመታትና መሣሪያዎች በተነሡ ሥዕሎች ስለ ታየም ታመነ። በ2019 ዓ.ም. ሁለተኛው ተገኘ።

እንግዲህ «ተሳስተናል» ማለት ዕውቀትን አያዋርድም፤ ሳይመረምሩ «አየን» ማለት ግን ያየውንም የሰማውንም ያስታል።