ከቦሩ ሜዳ እስከ ሰኞ ገበያ

ደሴ ያደግን ክርስቲያን ተማሪዎች ለዕረፍት አገር በገባን ቁጥር አንድ ክርክር ይከተለናል። ወንጌል ይዞ መውጣት ግዴታ ነው የሚሉ አሉ፤ «ወሎ ላይ ይኸ ነገር ሰው ያጣላል፣ ተዉት» የሚሉም አሉ። ለኛ ግን ጥያቄው መሄድና አለመሄድ ሳይሆን አካሄዱ ነው።

በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ ከደሴ ብዙም በማይርቀው ቦሩ ሜዳ ጉባኤ አድርገው የቤተ ክርስቲያኑን ክርክር ከቋጩ በኋላ፣ የወሎ እስላም እንዲጠመቅ ታዘዘ። መሐመድ ዓሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፤ በኋላም ንጉሥ ሆኑ። እምቢ ያለው ተሰደደ። ቀን ክርስቲያን ሆኖ ውሎ ሌሊት የሚሰግድም ነበር። ዛሬ አንድ ወሎዬ ስለ ጥምቀት ሲነሳ ቢኮሳተር ይፈረድበታል እንዴ?

ከዚያ በፊት በ1834 ዓ.ም. ጀርመናዊው ሚሲዮናዊ ክራፕፍ ከአንኮበር ወደ ጎንደር ሲያመራ፣ አዳራ ቢሌ የተባለ የወሎ ባላባት ይዞ ንብረቱን ገፈፈው። ሰውየው ተዘርፎ ምጽዋ ደረሰ። ጌታ ደቀ መዛሙርቱን ያለ ከረጢት ሂዱ ብሎ እንዳዘዘው፣ ክራፕፍ ሳይወድ በግድ ሆነ ማለት ነው።

ሦስተኛው መንገደኛ የአገራችን ሰው ሼህ ዘካርያስ ናቸው። የእስልምና መምህር ነበሩ። የሚያውቁትን ቁርኣን ዘርግተው ከሼሆቹ ጋር ተከራከሩ፤ እ.ኤ.አ. በ1910 ደብረ ታቦር ተጠምቀው ነዋየ ክርስቶስ ተባሉ። የተከተላቸውም ክርክራቸውን ሰምቶ ነው።

እንግዲህ ሰኞ ገበያ እንውረድ። እዚያ ጨርቅ የሚሸጥልህ እስላም፣ ዋጋ የሚያስቀንስልህ ክርስቲያን አጎቱ ነው። ከአንድ ጀበና አቦል፣ ቶና፣ በረካ አብሮ ለሚጠጣ ሰው ስብከት ከሩቅ አይወረወርለትም፤ ቁጭ ማለት ያስፈልጋል። ባለፈው ክረምት አንዲት በርበሬ ሻጭ እናት፣ «ልጆቼ፣ እኔም የምነግራችሁ አለኝ፤ ታዳምጡኛላችሁ?» አሉን። አዳመጥናቸው። ስለ ኢሳና ስለ መርየም የሚያውቁትን ሁሉ አጫወቱን። ሲጨርሱ፣ «በሉ፣ አሁን የናንተን ንገሩኝ» አሉ። ነገርናቸው። እሳቸው አልተጠመቁም፣ እኛም አልሰለምን፤ ግን የተባለው ሁሉ ተሰማ።

ያመነ ሰው ዝም ቢል እምነቱን ንቋል፤ ቢያስገድድ ጎረቤቱን ንቋል። ከረጢት የሌለው መንገደኛ የሰው እንግዳ ነው፤ እንግዳ ደግሞ ቤት አያዝም፣ የቀረበለትን ይቀምሳል፣ ሲጠየቅ ይናገራል። በመጪው ዕረፍት የምትወጡ ወንድሞችና እህቶች፣ እንግዶች ሆናችሁ ውጡ።