ልጇን በእጇ የያዘችው ሴት

የሩቅ አገር ጉብኝት ሲነሣ ብዙዎቻችን የምናስበው ፎቶግራፍ ስለ መነሣትና ለዘመድ አዝማድ ስጦታ ስለ መሸመት ነው። እኔም በ2015 ዓ.ም. ሰኔ ወር፣ ኑሮዋን ፈረንሳይ አገር ያደረገችው ልጄ ጠርታኝ በሄድሁ ጊዜ ሐሳቤ ከዚህ የራቀ አልነበረም። ዛሬ የማጫውታችሁ ግን ሳላስበው ይዤው ስለ ተመለስሁት ጉዳይ ነው።

ኖርማንዲ ከእንግሊዝ አገር ትይዩ የሚገኝ የፈረንሳይ የባሕር ዳር ክፍለ ሀገር ነው። እኔና ልጄ ከዘጠኝ ዓመት ልጇ ጋር ከፓሪስ በባቡር ሁለት ሰዓት ያህል ተጉዘን ባዮ ከምትባል ትንሽ ከተማ ወረድን። መንገዷ ጠባብ፣ ቤቶቿ የድንጋይና የእንጨት ናቸው። ካቴድራሏ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1077 ተመርቆ ዛሬም ይቀደስበታል።

ይህ ሁሉ የቆየው ያለ ምክንያት አይደለም። ግንቦት 29 ቀን 1936 ዓ.ም.፣ ማለትም በአውሮፓ አቆጣጠር ሰኔ 6 ቀን 1944፣ ከ150 ሺህ የሚበልጡ የእንግሊዝ፣ የአሜሪካ፣ የካናዳና የሌሎችም አገሮች ወታደሮች በባሕርና በአየር ተሻግረው በዚህ ጠረፍ ላይ አረፉ። ባዮ በማግሥቱ ያለ ብዙ ውጊያ ነጻ በመውጣቷ ከጥፋት ተረፈች። ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቀው የካን ከተማ ግን በቦምብና ሳምንታት በፈጀ ውጊያ አብዛኛዋ ፈረሰች። በዚያ በጋ በኖርማንዲ ወደ 20 ሺህ የሚጠጋ ሲቪል ሕዝብ እንዳለቀ ይነገራል። ጦር ሜዳው የሰው ጓዳና ማጀት ነበረና።

ባዮ በዓለም የታወቀችው ግን በአንድ ጥልፍ ነው። ርዝመቱ 70 ሜትር ሊሞላ ጥቂት የቀረው፣ ወርዱ ግማሽ ሜትር ያህል የሆነ የተልባ እግር ጨርቅ ላይ በበግ ጠጉር ክር የተጠለፈ ታሪክ ነው። የኖርማንዲው መስፍን ዊልያም በ1066 ባሕር ተሻግሮ እንግሊዝን ድል ማድረጉን ያሳያል። ያየሁት እዚያው ባዮ በነበረው ቤተ መዘክር ሲሆን፣ ቤቱ በ2017 ዓ.ም. መጨረሻ ለእድሳት ተዘግቷል።

መርፌ የያዘች ሴት ሁሉ እንደምታውቀው አንድ ስንዝር ጥልፍ እንኳ የስንት ቀን ድካም ነው። ሊቃውንት እንደሚገምቱት ይህን ሥራ የሠሩት በእንግሊዝ አገር የነበሩ ሴቶች ናቸው፤ የአንዷም ስም ግን አልተጻፈም። በጨርቁ ላይ ከ600 በላይ ሰዎች ሲኖሩ በዋናው ክፍል ያሉት ሴቶች ሦስት ብቻ ናቸው። ከሦስቱ አንዷ ዓይኔን ያዘችው። ሁለት ወንዶች ቤት በችቦ ሲያነዱ፣ እሷ የልጇን እጅ ይዛ ትወጣለች። ከራስዋ በላይ ቤት እንደሚቃጠል በላቲን ተጽፏል፤ ስለ እርስዋ ግን አንዲት ቃል የለም። የነገሥታቱና የጳጳሳቱ ስም ተጽፎ የእናቲቱ ቀርቷል።

ከዚያ ወጥተን ከከተማው ዳር ወዳለው የእንግሊዞች ጦር መቃብር ሄድን። ከ4 ሺህ 6 መቶ በላይ መቃብሮች በነጭ ድንጋይ ተሰልፈዋል፤ ከ400 የሚበልጡት ጠላት የነበሩት የጀርመኖች ናቸው። በእንግሊዞች ደንብ አስከሬን ወደ አገር አይመለስም ነበርና፣ ቤተ ሰብ በመቃብሩ ድንጋይ ግርጌ የሚጻፍ አጭር ቃል እንዲመርጥ ተፈቅዶ ነበር። ልጄ አንዳንዱን እየተረጐመች አነበበችልኝ። ልጄ የሚል ቃል በሰማሁ ቁጥር ጕልበቴ ይከዳኝ ጀመር።

ከመንገዱ ማዶ መቃብራቸው ያልታወቀ ከ1 ሺህ 8 መቶ በላይ ሰዎች ስም የተቀረጸበት ሐውልት አለ። በላዩ በላቲን የተጻፈው ቃል፣ ዊልያም ድል ያደረገን እኛ የድል አድራጊውን አገር ነጻ አወጣን የሚል ነው። የልጅ ልጄ ስሞቹን በጣትዋ እየተከተለች፣ «እማማ፣ እነዚህ የት ጠፉ?» አለችኝ። መልስ ልሰጣት ብል ዕንባ ቀደመኝ።

ውድ አንባቢዎች፤ ታላቅ ወንድሜ በ1970 ዓ.ም. ከኦጋዴን ጦርነት አልተመለሰም። መርዶም አልመጣም። እናቴም መርዶ ሳይመጣ ልጄን አላለቅስም ብላ ለቅሶ አልተቀመጠችም፤ ተዝካርም አላወጣችም። በር በተንኳኳ ቁጥር ቀድማ የምትነሣው እሷ ነበረች። ክረምት በወጣ ቁጥር ጋቢውን ከሣጥን አውጥታ ፀሐይ ታስመታዋለች። በእርስዋ ፊት ሞተ ማለት ስላልተቻለ ስሙን ማንሣት ተውን። በ1990 ዓ.ም. እሷ ስታርፍም ዝምታው እኔ ዘንድ ቀረ።

ያን ቀን ከሐውልቱ ሥር ተቀምጬ ይህን ለልጄ ነገርኋት። ጋቢውን ታውቀዋለች፤ የአያትዋ ይመስላት ነበር። ጥቂት ዝም ብላ፣ «እማዬ፣ ስሙ ማን ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ።

ሠላሳ ስምንት ዓመት የሞላት ልጅ የአጎትዋን ስም አታውቅም። እንግሊዛዊቱ እናት ልጅዋን የቀበረችበትን ምድር ምናልባት አይታው አታውቅም፤ ስሙ ግን ከነቃልዋ በድንጋይ ላይ አለ። የእኔን ወንድም ስም ያጠፋው ጦርነቱ ብቻ አልነበረም፤ እኔም ተባብሬያለሁ። ዝምታዬ እናቴን ለማክበር ነበር፤ የጎዳው ግን ወንድሜን ነው።

አዲስ አበባ እንደ ተመለስሁ ደብተር ገዝቼ ስሙን፣ የተወለደበትን ዘመንና ቀዬ፣ የሚወደውን ወጥ፣ ሲስቅ አፉን በእጁ የመሸፈን ልማዱን ሳይቀር ጻፍሁ። አንዱን ግልባጭ ለልጄ ላክሁላት፤ ሌላውን በጋቢው እጥፋት ውስጥ አኖርሁት። የልጅ ልጄም በስልክ በኮልታፋ አማርኛዋ ስሙን ጠርታልኛለች።

እናንተም እኅቶቼ፣ ከሥራ ገብታችሁ ልጆቻችሁ በተሰበሰቡበት አንድ ምሽት በየሣጥኑ ያለውን ፎቶግራፍ አውጡ። ከጀርባው ማን እንደ ሆነ፣ የማን ልጅ እንደ ሆነ ጻፉበት። ያልተመለሰ ካለ ስሙን ለልጆቻችሁ ንገሯቸው። ድንጋይ ማስቀረጽ ለሁላችን ላይቻለን ይችላል፤ እርሳስና ወረቀት ግን በየቤታችን አለ።