ኤርታሌ በካርቲየ 6

የጅቡቲ ከተማ የድሮ ሰፈሮች በቁጥር ነው የሚጠሩት። ካርቲየ 6 ሲደርሱ መንገዱ ይጠባል፤ የቆርቆሮና የጣውላ ቤቶች ይበዛሉ፤ በየደጁ መጋረጃ ተጥሏል እንጂ የተዘጋ በር ብዙ አይታይም። ቀትር ላይ ጫቱ ከኢትዮጵያ ይገባል። መኪናው ጡሩምባውን እየነፋ ሲያልፍ ሰፈሩ በአንድ አፍታ ይነቃና ሴቶቹ እርጥብ ጆንያ የለበሰውን እስር ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው መሸጥ ይጀምራሉ። ከዚያ ሙቀቱ ሁሉንም ወደ ጥላ ይሰበስባል። ሙዚቃ በደንብ የሚሰማው ያኔ ነው። ከአንዱ ቤት የሶማሊ ዘፈን በኡድ፣ ከሌላው የሕንድ ፊልም ዘፈን፣ ወዲያ ማዶ የእኛው ትዝታ። አማርኛ እዚህ ባይተዋር አይደለም፤ ቋንቋውን አጥርተው የማይናገሩ ጅቡቲያውያን እንኳ የጥላሁንን ዜማ ሲያንጎራጉሩ ሰምቻለሁ።

የሻከረ የኤሌክትሪክ ጊታር ግን አልጠበቅሁም ነበር።

ድምፁ የሚመጣው ከአንድ ጎሚስታ ቤት ነው። ጎሚስታው የድሬዳዋ ልጅ ነው። ስልኩን ካረጀ ማጉያ ጋር አገናኝቶ የአዲስ አበባውን የሮክ ቡድን የጃኖ ባንድን «ዳሪኝ» ለቆታል። ቆሜ ሳዳምጥ አየኝና «አቦ ግባ! ፀሐይ ላይ ምን ታደርጋለህ?» አለኝ። ውስጥ ቡና የሚያፈሉ አንዲት የጎንደር ሴት አሉ፤ ሁሉም እትዬ ይላቸዋል። «ይሄ ጩኸት ነው እንጂ ዘፈን ነው ልጄ? እስቲ መሐሙድን አድርግልን» አሉት። እሱም «እትዬ፣ ይሄም እኮ የኛው ነው፤ ወላሂ!» ብሎ ድምፁን አንድ ደረጃ ጨመረው።

እኔ ከጎሚስታው ጋር ነኝ። ጃኖ በ2012 (ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፋቸው) «ኤርታሌ» የተባለውን አልበሙን ሲያወጣ፣ የአዲስ አበባ ጆሮ የለመደው ኪቦርድን ነበር። ጊታር ከኋላ ሆኖ ያጅባል። ጃኖ ጊታሩን ወደ ፊት አመጣው፤ ከፊቱም አራት ድምፃውያን አቆመ፤ ዲበኩሉ ታፈሰ፣ ኃይሉ አመርጋ፣ ሔዋን ገብረወልድና ሃሌሉያ ተክለጻድቅ። አልበሙን ፕሮዲውስ ያደረገው የኒውዮርኩ ቤዝ ተጫዋች ቢል ላስዌል ነው። የእጅጋየሁ ሽባባውን (የጂጂን) የ2001 አልበም የሠራውም እሱ ነው፤ የእንግሊዞቹን የሞተርሄድን የ1986 አልበምም እንዲሁ። ሄቪ ሜታልን ከሥሩ የሚያውቅ፣ የጂጂን ድምፅም ለዓመታት ያዳመጠ ሰው እነዚህን ልጆች ማግኘቱ ትልቅ ዕድል ነበር እላለሁ።

ያኔ የባንዱ ማናጀር የነበረው አዲስ ገሠሠ ቀድሞ ከሬጌው ዘፋኝ ከዚጊ ማርሊ ጋር የሠራ ሰው ነበር። በ1988 «ኮንሸስ ፓርቲ» በተባለው የዚጊ አልበም ላይ ያጀቡት ኢትዮጵያውያን የባንዳቸው ስም ዳሎል ነበር። ዳሎልም ኤርታሌም የአፋር ምድር ስሞች ናቸው፤ ያ ምድር ደግሞ ድንበር ተሻግሮ እዚህ ይደርሳል። ከካርቲየ 6 ወደ ምዕራብ የሚነዳ ሰው ከባሕር ጠለል በታች 155 ሜትር የወረደውን የአሳል ሐይቅ ያገኛል፤ በአቅራቢያው በኅዳር 1978 የፈነዳው አርዱኮባ አለ። የእሳተ ገሞራ ስም የያዘ አልበም መስማት በዚህ ሙቀት ውስጥ ሌላ ነገር ነው።

ሮክን «ሄቪ» የሚያሰኘው መክበድ ከየት እንደሚመጣ ሳስብ ሁልጊዜ የሚመጣብኝ ስዊት የተባለው የእንግሊዝ ባንድ ነው። በሰባዎቹ መጀመሪያ ወንዶቹ ፊታቸውን ተቀብተው፣ በሚያብለጨልጭ ልብስና በረጅም ተረከዝ ጫማ በቴሌቪዥን ይቀርቡ ነበር፤ ግላም ሮክ የሚባለው ያ ነው። የመጀመሪያዎቹን ተወዳጅ ዘፈኖቻቸውን የደረሱላቸው ሌሎች ናቸው፤ በሸክላው ላይ መሣሪያውን የተጫወቱትም ቅጥር ሙዚቀኞች። የራሳቸውን ጠንካራ ሮክ የሚያስገቡት ማንም በማያዳምጠው በሸክላው ጀርባ ነበር። ቀስ በቀስ መሣሪያውን ራሳቸው መጫወት ጀመሩ። በጥር 1973 «ብሎክ ባስተር» በሳይረን ድምፅ ተከፍቶ፣ በሚጎረብጥ ጊታር ቀጥሎ፣ በእንግሊዝ ሰንጠረዥ ለአምስት ሳምንት አንደኛ ሆነ። ደራሲዎቹ አሁንም እነዚያው ሌሎች ሰዎች ነበሩ፤ እጁ ግን የባንዱ ነው። በ1975 «ፎክስ ኦን ዘ ራን»ን ራሳቸው ጽፈው ራሳቸው ፕሮዲውስ አደረጉት። ጀርባ ላይ የነበረው ፊት ላይ መጣ። ስዊትን ያከበደው የማጉያው መጠን አይደለም፤ የራሳቸው እጅ ነው።

ለእትዬም ይህንኑ በሌላ መንገድ ነገርኳቸው። «በሁዳዴ በገና ይሰማሉ?» አልኳቸው። «እንዴታ!» አሉ። በገና ድምፁ ዝቅ ያለ ነው፤ ማንንም አያስደነግጥም። ግን አውታሩ ከብርኩማው ጋር በሚገናኝበት ቦታ እንዚራ የሚባል ትንሽ ቁራጭ ቆዳ ይገባል፤ ድምፁ የሚነዝረውና የሚያጉረመርመው በእሱ ነው። እንዚራውን አውጡት፣ በገናው ይሳሳል። የሮክ ጊታሪስት ማጉያውን ከአቅሙ በላይ ሲያስጮኸው የሚፈልገው ያንኑ ንዝረት ነው። ሌላም ጥቅም አለው። ጊታር እንደ ክራር ተመትቶ ወዲያው የሚሞት ድምፅ ነው፤ ሲሻክር ግን ረዝሞ ይቆያል፤ ሲረዝም መንሸራተትና መንቀጥቀጥ ይችላል፤ ያኔ የማሲንቆን ሥራ መሥራት ይጀምራል። ቅኝታችን በአምስት ድምፅ መቆሙ፣ ሮክም ከብሉዝ የወረሰው መሠረት አምስት ድምፅ መሆኑ ሲጨመርበት፣ ሁለቱ ቶሎ መግባባታቸው አያስገርምም። ለንደን ያሉት የክራር ኮሌክቲቭ ልጆች ደግሞ ጊታሩንም ትተው ክራሩን ራሱን በኤሌክትሪክ አክብደውታል።

እትዬ ሁለተኛውን ቡና ቀድተው «በገናውንስ አትንካብኝ» አሉኝ። ከጃኖ ሴቶቹ ልጆች የሚዘፍኑበትን ግን ድጋሚ እንዲያሰማቸው ጠየቁ።

ጅቡቲም የራሷ ነገር አላት። የብሔራዊው ሬዲዮና ቴሌቪዥን ባንድ፣ ግሩፕ አር ቴ ዴ፣ የመንግሥት ሥነ ሥርዓት ሲኖር የሚያጅብ ነው። በ2020 ኦስቲናቶ ሬከርድስ በሬዲዮው ስቱዲዮ የተቀረጸውን አልበማቸውን ሲያወጣ የውጭው ዓለም ሰማቸው፤ የሙሐመድ አብዲ አልቶ ሳክስፎን፣ የወጣቷ አስማ ዑመር ድምፅ፣ ከስር ሬጌ የሚመስል ምት። እነሱም በሰልፍና በበዓል ሲያጅቡ የኖሩት እጆች ለራሳቸው ሲጫወቱ ምን እንደሚወጣ አሳይተዋል። ሸካራ ጊታር የላቸውም፤ ቦታው ግን በሙዚቃቸው ውስጥ ክፍት ሆኖ ይሰማኛል።

ጅቡቲንና አዲስ አበባን ባቡር ማገናኘት የጀመረው በ1917 ነው። አዲሱ መስመር 750 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል፤ ናጋድ ጣቢያም ከዚህ ሩቅ አይደለም። ከ2011 ጀምሮ ከኢትዮጵያ የሚመጣ ኤሌክትሪክ የዚህን ከተማ ማጉያዎች ሲያንቀሳቅስ ኖሯል። ጫት በየቀኑ በሰዓቱ የሚደርስበት ከተማ ባንድ ከነመሣሪያው የማይደርስበት ምክንያት አይታየኝም። አስማ ዑመርና ሔዋን ገብረወልድ አንድ መድረክ ላይ ቢቆሙ፣ ሳክስፎኑ ከጅቡቲ፣ ጊታሩ ከአዲስ አበባ ቢሆን፣ ቦታውም ትልቅ ሆቴል ሳይሆን ጎሚስታው በእግሩ የሚደርስበት ሜዳ ቢሆን እመኛለሁ። የሚመለከታቸው ሰዎች ይህን ካነበቡ፣ መክፈቻው ከ«ኤርታሌ» ይሁንልን።