ሳይታመሙ መታከም

ከሲያትል በስተሰሜን፣ ዛሬ ሾርላይን በምትባለው ከተማ፣ እ.ኤ.አ. በ1911 ፈርላንድ የተባለ የሳንባ ነቀርሳ ማገገሚያ ተከፍቶ ነበር። ቤቲ ማክዶናልድ የተባለች ደራሲ በ1930ዎቹ መጨረሻ እዚያ ተኝታ ወጥታለች፤ ታሪኳንም በ1948 በመጽሐፍ አሳትማዋለች። ሕክምናው መነጋገር፣ መሳቅ፣ ማንበብ እንኳ የሚከለከልበት የአልጋ ዕረፍት ነበር። ሕሙማኑ ለወራት፣ አንዳንዶቹም ለዓመታት እንዲህ ይተኙ ነበር።

እኔ በዚሁ አገር የምወስደውን መድኃኒት የምውጠው በእግሬ እየሄድኩ፣ ሥራዬን እየሠራሁ ነው። ለመኖሪያ ፈቃድ በተደረገልኝ የደም ምርመራ የነቀርሳ ባሲል በሰውነቴ እንዳለ ታወቀ። ኤክስሬዬ ንጹሕ ነው። አልሳልም፣ ሌሊት አያልበኝም፣ አልከሳሁም። በልጅነቴ የተከተብኩት ቢሲጂ ነው ብዬ ተከራክሬ ነበር፤ ነርሷ ግን ክትባቱ የሚያሳስተው በቆዳ የሚደረገውን ምርመራ እንጂ ይህን የደም ምርመራ እንዳልሆነ አስረዳችኝ።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከዓለም ሕዝብ ሩብ ያህሉ ባሲሉ ገብቶበታል። የሰውነት መከላከያ ከቦ ስለሚይዘው ብዙዎቹ ዕድሜያቸውን ሙሉ አይታመሙም። ከመቶ 5 እስከ 10 የሚሆኑት ግን አንድ ቀን ይታመማሉ፤ ኤች አይ ቪ ያለበት ወይም መከላከያው የደከመ ሰው ደግሞ አደጋው ይብስበታል። ባሲሉ ተኝቶ ሳለ ሰውየው ለማንም አያስተላልፍም።

የታዘዘልኝ ኢሶኒያዚድ ነው፤ በየቀኑ፣ ዘጠኝ ወር። እጅና እግር እንዳይደነዝዝ ቫይታሚን ቢ6 ተጨምሮበታል። ጉበትን ሊጎዳ ስለሚችል ጠጅም ጠላም ቀርቷል። የምግብ ፍላጎት ከጠፋ፣ ሽንት ከጠቆረ ወይም ዓይን ቢጫ ከሆነ ክኒኑን አቁሞ ወዲያው መደወል ነው። ይህን ሁሉ መልመድ ይቻላል። የሚከብደው ሌላ ነው፤ የራስ ምታት ክኒን ሲዋጥ ሕመሙ ሲለቅ ይታወቃል፣ ይህኛው ግን ምንም ስሜት የለውም። ጤነኛ ሆኖ ማደር ብቻ ነው ውጤቱ።

ያጸናኝ የአላስካ ሰዎች ታሪክ ነው። በሃያኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ነቀርሳ እነዚያን መንደሮች ይፈጅ ነበር፤ ብዙ ሕሙማን ከቤተሰባቸው ተነጥለው እስከዚህ አካባቢ፣ ታኮማ ድረስ ተወስደው ተኝተዋል። ዶክተር ጆርጅ ኮምስቶክ ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በአላስካዋ ቤተል ከተማ ዙሪያ ለሚኖሩ ሰዎች ኢሶኒያዚድን ለመከላከያነት ሰጥቶ ሞከረው፤ ራሱና ቤተሰቡም ወሰዱት። በሽታው በእጅጉ ቀነሰ፤ መከላከሉም ከአሥር ዓመት በላይ እንደጸና ታየ። እኔ በየማለዳው የምውጠውን ክኒን እነዚያ በበረዶ ውስጥ ያሉ ቤተሰቦች ቀድመው ውጠውልኛል።

ስለዚህ መድኃኒቱን መውሰዴን አልደብቅም። በአንድ የሀበሻ ቤት ቡና ላይ ተጠይቄ ስናገር፣ አንዲት እናት ልጇን ከጭኔ ላይ አንሥታ ወሰደች። አልፈርድባትም። ነቀርሳ ያለበት ሰው ኩባያው ለብቻ ተቀምጦ፣ ስሙ በሹክሹክታ ሲጠራ እያየን ነው ያደግነው። እኔ ግን የሚተላለፈው የሳንባ ነቀርሳ ታሞ በሚያስል ሰው ትንፋሽ እንጂ በኩባያ አለመሆኑን፣ ከእኔም ለማንም እንደማይተላለፍ ተናገርኩ። ይህን ዝም ብሎ ማለፍ ልክ አይመስለኝም፤ ምርመራ የሚሸሹ ብዙዎቻችን የምንፈራው ክኒኑን ሳይሆን ያንን የተለየ ኩባያ ነው።

ሁለተኛው ቡና ሲቀዳ ያችው እናት አባቷን አነሣች። ከደብረ ታቦር መጥተው ምርመራቸው እንደ እኔው ሆኖ፣ ሐኪም ቤት አልመለስም ብለዋል። ዛሬ ለብዙ ሰው በየቀኑ ለአራት ወር የሚወሰድ ሪፋምፒን እንደሚታዘዝ ነገርኳት። ሽንትና እንባን ብርቱካናማ ስለሚያደርግ እንዳይደነግጡ፣ የሚወስዷቸውን ሌሎች መድኃኒቶች በሙሉም ለነርሷ እንዲያሳዩ አሳሰብኳት፤ ሪፋምፒን የብዙዎቹን ኃይል ይቀንሳል።

«ጾማቸውን ግን አይፈቱም፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃም አይቀምሱም» አለች።

«ማታም ይዋጣል እኮ፣ ከእራት ሁለት ሰዓት ቆይቶ። ሰዓቱን ከነርሷ ጋር ራሳቸው ይምረጡ።»

ቀጠሮው መቼ እንደሚያዝ ጠየቀችኝ፤ የክሊኒኩን ስልክ ጽፌ ሰጠኋት።