የወጋ ረስቷል፤ የተወጋስ?

ሮምን ለማየት የሚነሳ ኢትዮጵያዊ ጉዞው የሚጀምረው ከባንክ ስቴትመንት ነው። የሥራ ደብዳቤ፣ የሆቴል ቡኪንግ፣ ኢንሹራንስ፣ አሻራ። የአውሮፓ ኅብረት በ2024 (እዚህ ያሉት ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በኢትዮጵያውያን ላይ ገደብ ከጣለ ወዲህ ደግሞ 15 ቀን ይፈጅ የነበረው የቪዛ ውሳኔ 45 ቀን ሆኗል።

አንዲት የአዲስ አበባ ልጅ ይህን ሁሉ አልፋ ሮም ገባች። ቴርሚኒ ከሚባለው ዋናው ባቡር ጣቢያ አጠገብ አረፈች። በሦስት ቀን ውስጥ ቱሪስት የሚያየውን ሁሉ አየች። ኮሎሲየም ፊት ፎቶ ተነሳች፤ ትሬቪ ፏፏቴ ሳንቲም ወረወረች፤ ቫቲካን ደጃፍ ፀሐይ ላይ ተሰለፈች። በአራተኛው ቀን የአባቷ የድሮ ጓደኛ፣ ከደርግ ዘመን ጀምሮ እዚያው የኖሩ ሽማግሌ፣ ሆቴሏ ድረስ መጡ።

“ምን ምን አየሽ ልጄ?”

ዘረዘረችላቸው።

“ጥሩ ነው። የእኛንስ አየሽ?”

“የእኛ ምን አለ እዚህ ጋሼ?”

ጋሼ ሳቁ። ሩቅ አልወሰዷትም። ሦስት ቀን ሻንጣና ቦርሳ ይዛ የተመላለሰችበትን፣ ከጣቢያው ፊት ያለውን ሰፊ አደባባይ በእጃቸው አሳዩዋት። ስሙ ፒያሳ ዴይ ቺንኩዌቼንቶ ይባላል፤ የአምስት መቶዎቹ አደባባይ ማለት ነው። አምስት መቶዎቹ በጥር 1887 ዶጋሊ ላይ የራስ አሉላ ጦር የደመሰሳቸው የጣሊያን ወታደሮች ናቸው።

ከአደባባዩ ትንሽ እልፍ ብሎ የእነዚሁ ወታደሮች መታሰቢያ አለ። ከአዲስ አበባ ለገሃር የተነቀለው የይሁዳ አንበሳ በፋሺስት ዘመን የተተከለው እዚህ መታሰቢያ ላይ ነበር። ዘርዓይ ደረስም በሰኔ 1938 በአንበሳው ፊት ተንበርክኮ፣ ሊያስነሱት በመጡት ላይ ሰይፉን የመዘዘው እዚሁ ነው። በ1945 ሲሲሊ ውስጥ፣ ከአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ሳይወጣ ሞተ። አንበሳው በኋላ ወደ አገሩ ተመልሷል። የአደባባዩ ስም ግን እንዳለ ነው።

ቀጥለው በሜትሮ ቺርኮ ማሲሞ ወረዱ። ዛሬ የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት ያለበት ሕንፃ ሲጀመር ለቅኝ ግዛት ሚኒስቴር የታሰበ ነበር። ከፊቱ ባለው አደባባይ የአክሱም ሐውልት 66 ዓመት ቆሟል። በ1937 ከአገሩ ሲወሰድ ቪዛ የጠየቀው አልነበረም። ጣሊያን በ1947ቱ የሰላም ውል የዘረፈችውን በ18 ወር ውስጥ ልትመልስ ፈረመች፤ ሐውልቱ አክሱም የደረሰው በ2005 ነው።

አበበ ቢቂላ በ1960 ኦሎምፒክ በባዶ እግሩ ሲሮጥ በዚህ ሐውልት አጠገብ አልፏል። ከሞሮኮው ተፎካካሪው ተነጥሎ የሄደውም እዚህ አካባቢ ነው። የውድድሩ መጨረሻ የቆስጠንጢኖስ የድል በር ነበር፤ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ገባ። ልጅቷ ይህን ስትሰማ ስልኳን አወጣች። ከትናንት በስቲያ ኮሎሲየምን ባነሳችበት ፎቶ ጥግ ላይ የድል በሩ አለ። ያኔ ምን እንደሆነ አላወቀችም።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። የወጋው መርሳቱን ለማየት ብዙ መሄድ አያስፈልግም። ሮም ውስጥ ቪያሌ ኢትዮጵያ፣ ቪያሌ ኤርትራ፣ ቪያ አስመራ የሚባሉ መንገዶች አሉ፤ ሰው አድራሻው ላይ ይጽፋቸዋል እንጂ ለምን እንደዚያ እንደተባሉ አይጠይቅም። ቪያ ዴል አምባ አራዳምም አለ። በ1936 መርዝ ጋዝ በወረደበት ዘመቻ ብዙ ሺህ ኢትዮጵያዊ ያለቀበት ተራራ ስም ዛሬ በጣሊያንኛ “አምባራዳን” ሆኖ ትርምስ፣ ዝብርቅርቅ ማለት ነው። እናት የልጇን ክፍል አይታ ትለዋለች። በዚያ ሰፈር ላለው የሜትሮ ጣቢያ ይህ ስም ታስቦ ነበር። በ2020 ተቃውሞ ተነሳና ጣቢያው ሌላ ስም ያዘ። መጠየቅ ሲጀመር ስም እንደሚለወጥ ያሳያል።

የሚያሳስበው ግን የተወጋው ወገን ነው። ይቺ ልጅ ዓድዋን በየዓመቱ አክብራለች፤ የካቲት 12ንም ታውቃለች። ሆኖም በስማችን የተሞላ ከተማ ውስጥ ሦስት ቀን እንደ ባዕድ ዞረች። ጥፋቱ የእሷ ብቻ አይደለም። እኛ ራሳችን ፒያሳ፣ መርካቶ፣ ካዛንቺስ እያልን ስንት ዘመን ኖርን? ካዛንቺስ የሚለው ለጣሊያን መንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ ይሠራ ከነበረ ተቋም የቀረ ስም መሆኑን ስንቶቻችን እናውቃለን? አሁን ደግሞ የፒያሳና የካዛንቺስ ብዙው ክፍል ራሱ ፈርሷል። ስሙን ሳይጠይቅ የኖረ ሰው ሲፈርስም አይጠይቅም።

ሮም ውስጥ ያለን ቁስል ብቻ አይደለም። ከቅዱስ ጴጥሮስ ባሲሊካ ጀርባ፣ በቫቲካን ግቢ ውስጥ፣ የሐበሾች ቅዱስ እስጢፋኖስ የሚባል ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን አለ። ከ15ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ የኢትዮጵያውያን መነኮሳትና ተሳላሚዎች ማረፊያ ነበር። አባ ተስፋ ጽዮን የግዕዙን ሐዲስ ኪዳን በ1548 እና 1549 ሮም ላይ አሳትመዋል። መቶ ዓመት ቆይቶ፣ በ1649፣ አባ ጎርጎርዮስ ጀርመናዊውን ሂዮብ ሉዶልፍን እዚያው ሮም ተዋወቁት፤ የአገራቸውን ቋንቋና ታሪክም አስተማሩት። ሉዶልፍ በ1698 ያሳተመው የአማርኛ ሰዋስው ከዚያ ትውውቅ የተገኘ ነው። ዶጋሊ፣ ዓድዋና አምባ አራዳም ሳይመጡ በፊት ኢትዮጵያዊ ሮም ውስጥ እንግዳም መምህርም ነበር። ታሪኩን ከጦርነቱ ብቻ የሚጀምር ሰው ግማሹን ለወራሪው አስረክቧል።

ስለዚህ ቪዛ ያገኘ ሰው ይሂድ፤ ኮሎሲየምንም ይይ። ግን ከመሄዱ በፊት አንድ ምሽት ያንብብ። ልጅ ካለው ይዞት ይሂድ፤ አደባባዩ ላይ ያቁመውና አምስት መቶዎቹ እነማን እንደነበሩ፣ ለምን እንደሞቱ ይንገረው። አስጎብኚው ይህን ላይነግረው ይችላል። የእሱ አደራ አይደለም።

ጋሼ ሲሰነባበቱ ልጅቷ አንድ ነገር ጠየቀቻቸው። “ቀድመው ቢነግሩኝ ምን ነበር?”

“ማን ጠየቀኝ?” አሏት።