ስም ያጣ ሙያ

«ጠጅ በብርሌ፣ ነገር በምሳሌ» ይላል ያገራችን ሰው። ጠጁ ተረት ውስጥ ገብቷል፤ ብርሌውም ገብቷል። ማሩን በጥብጣ፣ ጌሾውን መጥና፣ ጋኑን በወይራ አጥና የጣለችው ሴት ግን የለችበትም። ስም አልነበራትም እንዳይባል «ኮማሪት» የሚል ስም ነበራት። ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ይህ ቃል ባጋጠመን ቁጥር ክፍሉ በሳቅ ይሞላ ነበር። «ጠጅ ሻጭ ማለት እኮ ነው» ብል ማን ሰምቶኝ! ቃሉ ከሙያነት ወደ ስድብነት ከወረደ ቆይቷላ።

ወዲያ ማዶ ደግሞ ለዚሁ ሙያ ዋንጫ ይሸለሙበታል። እ.ኤ.አ. በ2016 ማያሚ ላይ በተደረገው «ወርልድ ክላስ» የተባለ ዓለም አቀፍ የባርማኖች ውድድር፣ ከፓሪስ የሄደችው ጄኒፈር ለኔሼ አሸነፈች። ውድድሩ በ2009 ከተጀመረ ወዲህ ለሴት የመጀመሪያው ድል ነበር። በዓመቱ ካናዳዊቷ ኬይትሊን ስቱዋርት፣ በ2019 ደግሞ ሲንጋፖርን ወክላ የቀረበችው ባኒ ካንግ ደገሙት። አዘጋጁ ዲያጆ ነው፤ የእኛን ሜታ አቦ ቢራ በ2012 ገዝቶ በ2022 የሸጠው ኩባንያ። ለጽድቅ ብሎ እንዳላዘጋጀው ይገባኛል። ቢሆንም ዳኞቹ የሚመዝኑት ጣዕሙን ብቻ አይደለም፤ የእጅ ፍጥነትም፣ ጨዋታም፣ የእንግዳ አያያዝም ነጥብ አለው።

ኮክቴል ለእኛ ቆላ የሚመስለንን ያህል ባዕድ አይደለም። የድሮ አሜሪካ ባርማኖች መጠጡ ምላስ ላይ እንዲለሰልስ፣ በስኳር ሽሮፕ ውስጥ የግራር ሙጫ ያሟሙ ነበር። ጄሪ ቶማስ በ1862 ባሳተመው የባርማኖች መጽሐፍ ውስጥ የሙጫው ሽሮፕ ተደጋግሞ ይገኛል። ሙጫ የሚያፈልቀው ግራር ከሴኔጋል አንስቶ ሱዳንን አቋርጦ እስከ መተማ ቆላ ድረስ ይበቅላል። ዛፉ ከእኛ ነው፤ ሙያውም ቢሆን አልጠፋንም።

ሽንፋን በሰሊጥ አጨዳ ወቅት ያየ ሰው ይመሰክርልኛል። ሳሉጉ ሙቀት አናቱን መትቶት ከእርሻ ሲመለስ፣ ቀጂዋ መጀመሪያ ውኃ ትሰጠዋለች፤ ቢራው ቀጥሎ ነው። ማን ስንት እንደጠጣ ሳትጽፍ ታውቃለች። የተቋሰሉ ሁለት ሰዎች ሲገቡ አራርቃ ታስቀምጣለች። የወር ድካሙን በአንድ ሌሊት ሊጨርስ የተነሳውን «በቃህ ወንድም ዓለም፣ ቀሪውን ለእናትህ ይዘህ ግባ» ትለዋለች። ልብ በሉ፣ ከራሷ ገበያ ቀንሳ ነው ይህን የምትለው።

እንዲህ ያለው ብልሃት ግላስጎው ላይ ነጥብ ያሰጥ ነበር። እዚህ ደመወዟ የቃል ነው፤ ማደሪያዋ ከባንኮኒው ጀርባ ነው። እጇን ለሚጎትታት ሰካራም ደግሞ ጠበቃ ሞልቶለታል፦ «ቡና ቤት ገብታ ምን ልትሆን ኖሯል?»

ዋንጫ እናምጣ አልልም። ውሏ በጽሑፍ ይሁን፤ ማደሪያዋ ቁልፍ ያለው በር ይኑረው፤ ጎታቹም ይጠየቅ። የምሽት ቤት ሁሉ የሙያ ቤት ነው እያልኩ አይደለም። በግድ የገባችም፣ መውጫ ያጣችም አለች። ግን ሥራው እንደ ሥራ ካልተቆጠረ በደሉም እንደ በደል አይቆጠርም። «እናትሽ ምን ትሠራለች?» የተባለች የሽንፋ ልጅ «ቡና ቤት ትቀዳለች» ለማለት ግራ ቀኝ የማታይበት ቀን ከዋንጫው ይቀድማል።